የአስራ አንድ ሰዓት ጩኸት

ዝናብ የነካው የቡና ገለባ እንዴት እንደሚሸት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ትንሽ የጠላ ጥንስስ ይመስላል፣ ከሥሩ ደግሞ የረጠበ ጆንያ ሽታ አለው፤ የነቀምቴ ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖም ይለየዋል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ልጄ ግቢው መሃል ቁጢጥ ብላ ይህንኑ ገለባ በሁለት እጇ እየዛቀች ትልቅ ጆንያ ትሞላለች። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለሴቶቹ ልጆች ራስን የመከላከል ስፖርት ልታስጀምር ነው፤ የሚመታና የሚወደቅበት ነገር የሚገዛላት ስላላገኘች ከቡና መፈልፈያው ገለባ ለምና ማምጣቷ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እንደ አባቷ ናት፣ ዝም ብላ ትሠራለች። እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አመመሽ ወይ ስትለኝ ብናኙ ነው አልኳት። ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ እውነት የለፈለፍኩ ሰው፣ ለልጄ የምመልሰው መልስ እንኳ ውሸት ነው።

ያኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ከጎጃም ጨውና አቡጀዲ ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ሲሆን፣ ቤታችን ቡርቃ ጃቶ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ ነበር። ቤት ውስጥ በጎጃም አማርኛ እየተቆጡን፣ ከአጥር ውጭ በኦሮምኛ እየተጫወትን አደግን፤ እናቴ ብቻ ሃያ ዓመት ኖራም «አካም ቡልቴ» ስትል ሰላምታ የምትሰጥ ሳይሆን ሰው የምትከስ ነበር የሚመስለው። ከአጥራችን ማዶ የኦቦ ፈይሳ ቤት ነው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ልጃቸውን ጫልቱን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ጫልቱ እኩያዬ፣ የክፍሌ ልጅ፣ የአንድ ዴስክ ጓደኛዬ ናት። እኔ አፌ የማያርፍ፣ እሷ ደግሞ መምህሩ ስሟን ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት የሚያሳፍራት ልጅ ነበረች፤ ፈተና ሲመለስ ግን አንደኛ የምትወጣው እሷ፣ ከእሷ የምቀዳው እኔ። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ይህን ለሰው አትናገርም፤ ለእኔ ግን ስንት ጊዜ ነግራኛለች።

ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሰን ክረምቱ ሲገባ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ ለጫልቱ ሽማግሌ ላከ። ሰውዬው ከእኛ አስራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ አገሩ ኑኑ ቁምባ ነው፤ አባቱ በገዛለት አይሱዙ እህል ጭኖ ነቀምቴ ሲመላለስ ገበያ ላይ አይቷት ኖሯል። ኦቦ ፈይሳ ልጄ ትማራለች ብለው ሽማግሌዎቹን በአክብሮት መለሷቸው። በአክብሮት መመለሱ ግን ነገሩን አልጨረሰውም፤ እምቢ የተባለ ወንድ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ እኛ ልጆቹ ሳንቀር እናውቅ ነበር። መንገድ ላይ ጠብቆ ይጠልፋል፤ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ለዕርቅ ይመጣሉ፤ ሣር የያዘ ሽማግሌ ደግሞ አይመለስም፤ ልጅቷ እዚያው ትቀራለች። ወለጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የገዛ እናቴ ከጎጃም መንደሯ በቅሎ ላይ ታስራ ነው ለአባቴ የመጣችው፤ ስታወራው እየሳቀች ነበር፣ እኛም አብረን እንስቅ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ጫልቱ ከዚያ ወዲህ ከሳች፣ እንቅልፍ አጣች፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ትደነግጥ ጀመር። እንግዲህ ወደ ሃምሳ አለቃ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሃምሳ አለቃ፣ እኛ ጋሼ ነበር የምንለው፣ ጦሩ ሲበተን ባዶ እጁን ወደ ሸዋ መመለስ ያሳፈረው ወታደር ነው፤ ከሰፈራችን በታች ያለውን የቡና መጋዘን ይጠብቃል። ክረምት መጋዘኑ ባዶ ስለሚሆን ለሰፈር ልጆች ስፖርት ያሠራ ነበር፤ የጫልቱን ነገር ስነግረው ግን ዘንድሮ ሴቶች ብቻ ይምጡ አለ። ሰባት ሆንን። ካራቴ እንማራለን፣ ጡብ በእጃችን እንሰብራለን ብለን ስንሄድ ጋሼ ጀሪካን አሸከመን። ከምንጩ እስከ መጋዘኑ ዳገቱን በሩጫ፣ መጀመሪያ በግማሽ ጀሪካን፣ ሲለመድ በሙሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሰውዬው በርሜሉን በነጻ የሚያስሞላበት ዘዴ ማግኘቱ ነው እንጂ ምን ስፖርት አለው አለች፤ እውነቷንም ሳይሆን አይቀርም፣ በዚያ ክረምት የመጋዘኑ በርሜል ጎድሎ አያውቅም። እኛ ግን በሐምሌ አጋማሽ ዳገቱን ሳናርፍ እንወጣው ጀመር፣ ባታችን ጠነከረ፣ ትንፋሻችን ረዘመ።

ቀጥሎ መውደቅ አስተማረን። ገለባ የተሞሉ ጆንያዎች መሬት ላይ ደርድሮ በጎን፣ በጀርባ፣ በፊት ይጥለናል፣ ሳንጎዳ ወድቀን ወዲያው እንድንነሳ። ማታ ቤታችን ስንገባ ከፀጉራችን ገለባ ይራገፋል፤ እናቴ ከዶሮ ጋር ነው እንዴ የምትውይው ትለኛለች። ከዚያ እጅ ማስለቀቅ መጣ። የያዘሽ ሰው የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን አውራ ጣቱ ደካማ ነው፣ በአውራ ጣቱ በኩል ጠምዝዘሽ ውጪ ይላል። ጋሼ በአንድ ወገን የፊት ጥርስ ስላልነበረው «ስ» በምትባል ፊደል ላይ ሁሉ ያፏጫል፤ እኛ ከንፈራችንን ነክሰን እንስቃለን፣ እሱም ያውቃል። አንድ ነገር ግን በየቀኑ ሳይደጋግም አይለቀንም ነበር። «ወንድ አታሸንፉም። አምስት እርምጃ ብቻ ቅደሙት። አምስት እርምጃ ካገኛችሁ እየሮጣችሁ ጩኹ፤ የቀረውን ሰው ይጨርሰዋል።»

መጮኹ ነው የከበደን። ሴት ልጅ ድምጿ ከቤቷ አይውጣ ሲባል ያደገ ጉሮሮ በአንድ ቀን አይከፈትም። ስለዚህ ጋሼ ልምምዱ ሲያበቃ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባህር ዛፉ ዳር አሰልፎ ተራ በተራ ያስጮኸናል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ኡኡ፣ የሰው ያለህ፣ ድረሱልኝ። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ወፎቹን ከዛፉ አስነሳኋቸው፤ አፌ ለአንድ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ። ጫልቱ ግን አፏን ትከፍትና የሚወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። እኛ እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ጋሼ አልሳቀባትም። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ያስሞክራታል፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ከዚህ አውጪው ይላታል፣ እምቢ ሲላት ነገ እንሞክራለን ብሎ ያሰናብታታል።

በመጀመሪያው ቀን ስንጮህ የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ነው የመጣው። ወንዶቹ ዱላ ይዘው፣ ጎረቤታችን አዴ ዲንቂቱ ደግሞ የገንፎ ማማሰያቸውን ይዘው፣ ገንፎው ከእንጨቱ ላይ እየተንጠባጠበ። ልምምድ መሆኑን ሲያውቁ አዴ ዲንቂቱ በኦሮምኛ አንድ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰደቡት፤ ጋሼ ኦሮምኛው ብዙም ስለማይገባው ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር ጎንበስ እያለ «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ አዎ አዎ፣ ይላል። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጩኸት ብትሰሙ የእኛ ልጆች ናቸው፣ አትደንግጡ ብሎ አስረዳ። በሳምንቱ ማንም ብቅ አላለም። በወሩ ውሾቹ እንኳ ጆሯቸውን ማቆም ተዉ። ይባስ ብሎ ጩኸታችን የሰፈሩ ሰዓት ሆነ፤ ልጆቹ ጮኹ፣ ጥጃ አስገቡ፤ ልጆቹ ጮኹ፣ ድስት ጣዱ። ጋሼ ደስ አለው፣ ሰው ለመደን አለ፣ እኛም ደስ አለን። ያን ያህል ትልቅ ሰው በሰፈሩ ሞልቶ ምን እያደረግን እንደሆነ የገባው አንድም አልነበረም።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አባርቶ ነበር። እናቴ ከጉቶ ጊዳ የመጣ እሸት በቆሎ ጠብሳለች፤ ጫልቱ ከአጥሩ ማዶ ስትጠራኝ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ አልኳት። ብቻዋን እንዳትሄድ ጋሼ ጥብቅ ትዕዛዝ ሰጥቶ ነበር፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን መንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ በቆሎው ደግሞ ትኩስ ነበር። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስፈለፍል ጩኸቱን ሰማሁ። የጫልቱ ድምፅ መሆኑን ወዲያው ለየሁት፤ ከሆድ የወጣ፣ ረጅም፣ ከእኔ ጩኸት ሁሉ የሚበልጥ። ሰዓቱ ትንሽ ቀደም ማለቱን አስተውያለሁ፤ ሳልኖር ጀመሩ ብዬ ቅር አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። እናቴን ዞር ብዬ «ዛሬስ ወጣላት» አልኳት። እናቴም እሰይ፣ ያቺም ልጅ አፍ አወጣች አለች። ሁለተኛው ጩኸት መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ጋሼ በቃሽ ብሏት ይሆናል አልኩ። የቀረኝን በቆሎ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

መጋዘኑ በር ላይ ጋሼና አምስቱ ልጆች ቆመው እየጠበቁን ነው። ሁላችሁም እዚህ ናችሁ እንዴ ስል፣ ጋሼ ጫልቱስ አንቺ ጋ አይደለችም ወይ አለኝ። እነሱም ሰምተዋታል፤ እኔና እሷ መንገድ ላይ እየተለማመድን መስሏቸዋል። የጋሼን ፊት ያኔ ያየሁትን ያህል ዛሬም አየዋለሁ። መሮጥ ጀመረ፣ ተከተልነው። ባህር ዛፉ መሃል ጭቃው ተቦክቶ አንድ እግር የላስቲክ ጫማዋን አገኘን። በኋላ እንደተሰማው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጫልቱ የተማረችውን ሁሉ አድርጋለች፤ ሁለት ጊዜ እጇን አስለቅቃለች፣ አንዱን ነክሳዋለች፣ የሮጠችበት ዱካ ጭቃው ላይ ተቆጥሮ ከአምስት እርምጃ በላይ ነው፣ ከሠላሳም በላይ ነው። ወደ አዴ ዲንቂቱ በር ነበር የሮጠችው። አዴ ዲንቂቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ጩኸቱን ሲሰሙ ጥጃቸውን አስገቡ። እኛ አስፋልቱ ድረስ ሮጥን፣ ትንፋሻችን አልከዳንም፣ እግራችን አልከዳንም፤ አይሱዙው ግን ሄዷል። ለማይደርሱበት መኪና ያን ያህል የሠለጠነ እግር ምን ያደርጋል።

ማታውን ሴቶቹ ኦቦ ፈይሳ ግቢ ተሰብስበው ያለቅሳሉ። ሁሉም ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ እያለ ደረቱን ይመታል። አዴ ዲንቂቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ጆሮዬ ይደፈን ይላሉ። አንዷ ወደ እኔ ዞራ አንቺስ ልጄ አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ነበረችና፣ እሷ ምን ትስማ፣ ምንጭ ልኬያት ገደል ሥር ነበረች አለች። አላስተባበልኩም። በሰፈሩ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ሆንኩ። እናቴ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁባትም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንድ ነገር ብላኛለች። «እኔም እንዲሁ ነው የመጣሁት። ይኸው፣ አልሞትኩም።» በቅሎዋን እያነሳች እንደምታወራው አልሳቀችም።

ጋሼ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሁለት ቀን ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ በቀዳዳ አያለሁ። ኦቦ ፈይሳ ይመልሷቸው፣ አንዴ እንኳ ይጩኹ፣ ሣሩን ይጣሉት ብዬ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ኦቦ ፈይሳ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ከተዘረጋላቸው ሣር አንዲት ሰበዝ መዘው ያዙ። በቃ፤ በዚያች ሰበዝ የጫልቱ ትምህርት አለቀ። ቤተሰብ ከታረቀ ፖሊስ ምን አገባው ተባለ። አጥሩን ዘልዬ ገብቼ አልወደደችም፣ ጮኻለች፣ ሰምቻታለሁ ማለት እችል ነበር፤ ሰምቻታለሁ ካልኩ ግን ሰምተሽ ምን አደረግሽ መባሌ ነው። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ስፖርት አላሠራም። ጆንያዎቹን ቀድዶ ገለባውን መጋዘኑ ጓሮ ደፋው፤ ዝናብ ሲመታው ሽታው ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር። በመስከረም ወደ ሸዋ ሊሄድ ሲነሳ ልሰናበተው ሄድኩ። አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዞ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ልነግረው ነበር የሄድኩት፤ ለእሱ እንኳ፣ ለአንድ ሰው እንኳ። ሳልጀምረው ቀደመኝ። «የሰፈሩን ጆሮ ያደነቆርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። የለም ጋሼ ማለት ነበረብኝ። ጥፋቱን ሁሉ ተሸክሞ ሲሄድ ዝም ብዬ አየሁት፤ ውስጤም፣ ይህን መናገር እንዴት ይከብዳል፣ ትንሽ ቀለል አለው። የት እንደደረሰ አላውቅም።

እኔ ተማርኩ። አስራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ መምህርት ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ጫልቱ ከኑኑ ቁምባ ለገበያ በሚመጡ ሴቶች ሰላምታ ትልክልኛለች፤ ወለደች ይሉኛል፣ ደግማ ወለደች ይሉኛል፣ አባቷ ሲሞቱ ወሯ የገባ እርጉዝ ስለነበረች አልመጣችም ይሉኛል። እኔም ስኳርና ልብስ እልካለሁ። መሄድ ግን አልሄድኩም። መጀመሪያ ትምህርት ነው አልኩ፣ ከዚያ ልጅ ነው አልኩ፣ በኋላ ደግሞ መንገዱ ራሱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ምክንያት መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም። በነሐሴ በቆሎ ሲጠበስ ከቤት እወጣለሁ። ባሌ በቆሎ የማይወድ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ ይስቅብኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሄደ።

ዘንድሮ የጫልቱ ባል ሞተና ለቅሶ ሳልደርስ መቅረት አልቻልኩም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ልነግራት የመጣሁትን ቃል በልቤ እየደጋገምኩ፣ ኑኑ ቁምባ ደረስኩ። ጫልቱን መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ ከእኔ በአስር ዓመት የምትበልጥ ሴት ተነስታ አቀፈችኝ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ጥርሷ ረግፏል፣ መዳፏ ሻክሯል። መንደሩ ውስጥ ሴት ምጥ ሲይዛት የሚጠሩት እሷን ነው አሉኝ፤ ከነርስነቷ ይህችን ታህል ነው የቀረላት። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ለለቀስተኛው ሁሉ «ሂሪያ ኮ» አለች፣ ጓደኛዬ ናት። አስራ አምስት ዓመት የሚሆናት የመጨረሻ ልጇ ውሃ አምጥታልኝ ፊቴን አትኩራ ታየኛለች። ጫልቱ የልጇን እጅ ይዛ ወደ እኔ አመለከተቻት።

«የነገርኩሽ እሷ ናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል፣ አዴ ዲንቂቱም ሰምተውኛል፣ ጋሼም ሰምቶኛል። ይቺ ብቻ ናት ያልሰማችኝ። ብትሰማኝ ኖሮ ትመጣ ነበር።» ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ ጨመረች። «እኔ እኮ በዚህ ነው የኖርኩት።»

ያጠናሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ሰምቼሻለሁ፣ ድምፅሽን ለይቼዋለሁ፣ እንዲያውም አድንቄሻለሁ ልላት ነው። ብናገረው ለእኔ ይቀለኛል፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚቀል ነገር እንዴት እንደሚያምር። ግን ትምህርቷን ወስደውባታል፣ ልጅነቷን ወስደውባታል፣ አባቷን ሳትቀብር ቀርታለች፤ ያልተወሰደባት ነገር ቢኖር ሁሉን ጥላ ልትሮጥላት የምትችል አንዲት ጓደኛ ናት። ያቺ ጓደኛ ደግሞ አንድም ቀን ኖራ አታውቅም። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስናፍቅ የኖርኩት እሷኑ ነው፣ ያቺን በአስራ አምስት ዓመቴ መሆን የነበረብኝን ልጅ።

«ምንጭ ወርጄ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ እጄን ሳትለቅ።